ከአዳማ ሐዋሳ በብስክሌት በአራት ቀን፦ ከጎማ አጠጋገን እስከ ማደሪያ አጠያየቅ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ ለመግባት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ጉልበት ያለው ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ሆኖም በሁለት ቀን የሚጨርስ ሰው ቡና ሲጠሩት «ቸኩያለሁ» ብሎ ያልፋል፤ ማታም የሚደርሰው ከመሸ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ደጅ የሚቆም እንግዳ ደግሞ የትም ቢሆን ያስደነግጣል። ስለዚህ እዚህ ያለው ስሌት የአራት ቀን ነው፦ በቀን ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ ዕቃ በተጫነ ብስክሌት በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር።

አቅጣጫውን አትገልብጡ። በበጋ ነፋሱ የሚበዛው ከሰሜን ምሥራቅ ነው። አዳማ ዳር ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ሐዋሳ ስትነዱ ነፋሱ ከጀርባ ይገፋችኋል፤ ከሐዋሳ ወደ አዳማ ስትመጡ ግን ከቀትር በኋላ ሜዳው ራሱ ዳገት ይሆንባችኋል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከዚያ ቀድሞ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በባቱ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ ወባው ይከፋል፤ በክረምት ደግሞ አስፋልቱ ዳር ጭቃ ነው። በየትኛውም ወር ቢሆን በመነሻችሁ ዋዜማ አዳማ መናኸሪያ ገብታችሁ ከመቂና ከሻሸመኔ የመጡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ።

(በአሰላ፣ በበቆጂና በኮፈሌ የሚያዞር ሌላ መንገድ አለ። ውብ ነው፣ ብርድም አለው፤ ከአዳማ አሰላ ብቻ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ሲሆን 700 ሜትር ያህል ያስወጣል። ለመጀመሪያ ጉዞ አይመከርም።)

ብስክሌቱ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መንገድ ላይ መለዋወጫው የሚገኝ ነው። 26 ቁጥር ጎማ ያለው ማውንቴን ይሻላል፤ ሻሸመኔም ሐዋሳም ጎማና ካላማዳሪያ (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) አይጠፋለትም። 29 ቁጥር ይዛችሁ ቡልቡላ ላይ ጎማ ቢቀደድባችሁ መፍትሔው አይሱዙ ላይ መጫን ብቻ ነው። የካላማዳሪያው ቫልቭ እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራም ይሁን፤ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላዋል። ግን ተጠንቀቁ፤ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የተሠራው ለሲኖትራክ ነው። ያዝ ለቀቅ እያደረገ እንዲሞላና በየመሀሉ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ እንድትለኩ ንገሩት፤ ዝም ካላችሁ በአምስት ሰከንድ ይፈነዳል። ልኩ ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ ነው፤ የኋላው ከፊተኛው ትንሽ ጠንከር ይበል።

ከመነሣታችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ ወደ ወንጂ ወይም ወደ ሶደሬ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። የሚላላው ሁሉ ያን ቀን ይላላል። በተለይ ሁለት ቦታ ተመልከቱ፦

የኋላው ቸርኬ። ዕቃው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ራጂ (ቸርኬውን ወጥሮ የሚይዘው ቀጭን ሽቦ) የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ በካቴናው በኩል ነው፣ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያሉት ራጂዎች ይበልጥ ተወጥረው ነው የሚሠሩት። ሁሉንም በጣት እየነካካችሁ ድምፃቸውን ስሙ፤ «ደብ» የሚል የላላ ነው። በልክ የተቆረጡ ስድስት መጠባበቂያ ራጂዎች ግዙና በፕላስተር ከፍሬሙ ጋር ጠቅልሏቸው። መንገድ ላይ አንድ ቢሰበርባችሁ የተሰበረውን ከጎረቤቱ ጋር ጠምዝዛችሁ እሰሩት። ቸርኬው ወደ ሌላኛው ጎን ተስቦ ፍሬኑን ይነካል፤ በዚያኛው ጎን ያሉትን ሁለት ጎረቤት ራጂዎች ግማሽ ዙር አላሉ። ይህ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። የካቴና በኩል ራጂ ለመቀየር የኋላው ጥርስ መፈታት አለበት፤ መፍቻው ደግሞ ያለው ትልልቅ ከተማ ያሉ ጠጋኞች ዘንድ ነው።

ፖርቶመጋላው (የኋላው ዕቃ መጫኛ)። ገበያ ላይ ያለው ቀላሉ ዓይነት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይችላል፤ 20 ኪሎ ብትጭኑበት ኮረኮንች ላይ ብየዳው ይለቃል። ብሎኖቹ በንዝረት ስለሚፈቱ ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ በቀጭን ሽቦ እሰሩት፤ ጠዋት ጠዋትም በቁልፍ ሞክሩት።

ካቴናው ላይ ግራሶ ወይም የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ። ከአለም ጤና ከተማ በኋላ ያለው አቧራ ግራሶው ላይ ተጣብቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጥርሱን ይበላዋል። የስፌት መኪና ዘይት በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ውጪው ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ መሆን አለበት።

ጭነቱ

ሻንጣ መግዛት የማይፈልግ ሰው ሁለት ቢጫ ጀሪካን ጎናቸውን ቀድዶ በግራና በቀኝ ቢያስራቸው ዝናብ የማያስገባ መጫኛ ያገኛል። ሲታሰሩ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበሉ፤ አለዚያ ፔዳል በመታችሁ ቁጥር ተረከዛችሁ ይጋጫል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን።

መያዝ ያለበት፦ ሁለት ካላማዳሪያ፣ ጥጋኝ፣ ማስቲሽና ብርጭቆ ወረቀት፣ የእጅ ፓምፕ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ 8፣ 10 እና 15 ቁጥር ቁልፍ፣ የፍሬን ገመድ፣ ሁለት ሜትር ሽቦ፣ ሲባጎ፣ አጎበር፣ ቀላል ድንኳን ወይም ሸራ፣ ጋቢ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ መታወቂያ። ልብስ ሁለት ቅያሪ ይበቃል። ስንቅ ጭኮ ይሁን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፣ በሙቀት አይበላሽም፣ ሁለት ጭብጥ ለሦስት ሰዓት መንዳት ይሆናል። ቆሎና በሶም ያው ነው።

ውሃ ሁልጊዜ ሦስት ሊትር ይኑራችሁ፤ በቀን ከአራት እስከ አምስት ሊትር ትጠጣላችሁ። ማታ ራስ ምታት ከመጣና ሽንት ከጠቆረ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ጎድሏል፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡት። የጉድጓድ ውሃ ይፈላ ወይም ውሃ አጋር ይጨመርበትና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ማፍላት አያወጣውም፣ ጥርስ የሚያበላሸው ግን በልጅነት ለዓመታት ሲጠጣ ነው፤ ለአራት ቀን አያሳስብም።

እሾህ

በዚህ መንገድ ጎማ የሚበሳው ሚስማር ሳይሆን የግራር እሾህ ነው። ከሰልና ማገዶ የጫነ ጋሪ ካለፈ አስፋልቱ ዳር ሁሉ እሾህ ነው። ለማረፍ ወደ ግራር ጥላ ስትገቡ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ተሸክማችሁት ግቡ፤ መግፋትም ይበሳል። አጠጋገኑ ቀላል ነው፣ የሚበላሸው በችኮላ ነው፦

1. ጎማውን ከቸርኬው ከማውጣታችሁ በፊት ቫልቩ ካለበት ትይዩ ጎማው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ቀዳዳውን ካላማዳሪያው ላይ ስታገኙ እሾኹ ጎማው ላይ የት እንዳለ ይነግራችኋል።
2. ካላማዳሪያውን ነፍታችሁ ከንፈራችሁ አጠገብ አዙሩት፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ይሰማችኋል። አንድ ካገኛችሁ በኋላም ዙሩን ጨርሱ፤ የግራር እሾህ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው የሚገባው።
3. የቀዳዳውን ዙሪያ ከጥጋኙ በጣት ወርድ ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አቧራውን ጥረጉ።
4. ማስቲሹን በስሱ ቀቡና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው፤ እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ጥጋኝ ፀሐይ ሲያገኘው ተንሸራቶ ይለቃል። በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ጥጋኙን ለጥፋችሁ በፓምፑ እጀታ እሹት።
5. ካላማዳሪያውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሩት። በባዶ ጣት አይደለም። ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾኹ አለ፤ በፒንሳ ንቀሉት። ይህን የዘለለ ሰው ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈታል።

ቁጭ ብላችሁ ስትጠግኑ ከየት መጣ ሳትሉ አሥር ሰው ይከባችኋል። አንዱ ፓምፑን ይቀበላችኋል፣ ሌላው ምክር ይሰጣል። ተቀበሉ። መሣሪያችሁን ግን አንድ ጨርቅ ላይ ደርድሩ፤ ሌባ ስላለ ሳይሆን ሣር ውስጥ የገባች ዳዶ ስለማትገኝ።

አራቱ ቀናት

የመጀመሪያው ቀን ረጅሙ ነው፦ አዳማ–ሞጆ–ቆቃ–አለም ጤና–መቂ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዳማ ሞጆ ያለው 25 ኪሎ ሜትር የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። የፍጥነት መንገዶቹ፣ የአዲስ–አዳማውም የሞጆ–ባቱውም፣ ለብስክሌት አይፈቀዱም፤ መንገዳችሁ አሮጌው ነው። ሁለት ከባድ መኪና ፊት ለፊት ሲመጣጠኑ የሚጠበው የእናንተ ቦታ ነው፤ ከርቀት ካያችሁ ሳይደርሱ ከአስፋልቱ ውረዱ። መስታወት ግጠሙ። የመኪና ኋላ ይዞ መጎተት ልማድ ያደረጉ ልጆች ታያላችሁ፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ እናንተን አያይም። ከሞጆ ወደ ደቡብ ከታጠፋችሁ በኋላ መንገዱ ይለዝባል። በስተግራ የምታዩት የቆቃ ሐይቅ በ1960 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው የአዋሽ ግድብ የተፈጠረ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከመቂ ባቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ነው። በረፋድ ደርሳችሁ ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ብሉ። የዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ግን አትዋኙ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። መዋኘት የፈለገ ላንጋኖ ይድረስ። ፔንሲዮን የምትፈልጉ እዚሁ ባቱ እደሩ፤ ገጠር ማደር የምትፈልጉ አዳሚ ቱሉን አልፋችሁ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቡልቡላ ቀጥሉ። ከባቱ ስትወጡ ቦኖ ላይ የያዛችሁትን ዕቃ ሁሉ በውሃ ሙሉ።

ሦስተኛው ቀን በቁጥር ትንሽ ነው፣ ከቡልቡላ አርሲ ነገሌ ከ40 ብዙ አይበልጥም፤ ግን የመንገዱ ብቸኛ እውነተኛ ዳገት ያለው እዚህ ነው። ከላንጋኖ ዙሪያ ከ1,600 ሜትር ግድም ተነሥታችሁ ነገሌ ላይ 2,000 ሜትርን ታልፋላችሁ። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ፤ እየገፋችሁ ከቀየራችሁ ካቴናው ይወልቃል ወይም ይበጠሳል። በስተቀኝ ሻላ አለ፣ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው። ነገሌ ማታ ይበርዳል፤ ጋቢው የተያዘው ለዚህ ነው። የከተማዋ አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፤ «ነገ መንገድ አለብኝ» ካላችሁ ማንም አይቀየምም።

አራተኛው ቀን 50 ኪሎ ሜትር፣ በአብዛኛው ቁልቁለት። ሻሸመኔ መሀል ላይ ባጃጅ፣ ጋሪና አውቶቡስ ይደባለቃሉ፤ ወርዶ መግፋት አያሳፍርም። ጥቁር ውሃ ድልድይን ስታልፉ «ዳኤ ቡሹ» የሚል ካያችሁ፣ በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው።

የሰው ደጅ

ገጠር ያለ ሰው እንግዳ አይመልስም ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ባለቤቱን ሳያስጨንቁ ለመጠየቅ ሥርዓት አለው።

ሰዓት። 10 ሰዓት ተኩል ላይ መጠየቅ ጀምሩ። በዚያ ሰዓት ከብት አልገባም፣ ወጥ አልተጣደም፣ ፊታችሁም በደንብ ይታያል። ከ12 ሰዓት በኋላ ስትመጡ ባለቤቱ ልጆቹን ቀስቅሶ መኝታ ማሸጋሸግ ይኖርበታል፤ እምቢ አይላችሁም፣ ግን ይቸገራል።

ቀበሌ። ገጠር ውስጥ የማያውቁትን ሰው ያሳደረ ሰው በማግስቱ «ማን ነበር?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ወይም አንድ የጎጥ ሽማግሌ ፈልጉ፣ መታወቂያችሁን ሳትጠየቁ አውጡ፣ ከየት ወዴት እንደምትሄዱ ተናገሩ። ይህን የምታደርጉት ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለሚያሳድራችሁ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ሊቀ መንበሩ ራሱ ልጅ አስከትሎ ቤት ይልካችኋል።

አቀራረብ። ከአጥሩ ራቅ ብላችሁ ከብስክሌት ውረዱ፣ መነጽርና ባርኔጣ አውልቁ። በሩን አትንኩ፤ «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩና ውሻው እስኪያዝ ቁሙ። በዚህ መንገድ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር፣ ወንዱን «ኦቦ»፣ ሴቷን «አዴ» ማለት ደጁን በግማሽ ይከፍተዋል። ጥያቄውን አትቸኩሉበት፤ ሰላምታው ይለቅ። ከዚያ «የመሸብን የእግዜር እንግዳ ነን» በሉ። ክፍል አትጠይቁ፤ ድንኳን መትከያ ጥግ ጠይቁ። ትንሽ ስትጠይቁ የሚጨምረው ባለቤቱ ነው፤ ብዙ ስትጠይቁ ግን እንዳይቀንስ ያፍራል። ቤት ውስጥ ያሉት ሕፃናት ብቻ ከሆኑ ወይም ብቻዋን ያለች ሴት ከሆነች ማደሪያ አትጠይቁ፤ ውሃ ለምናችሁ የሽማግሌ ቤት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሴት ብስክሌተኞች ደግሞ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ከመምህራን ቢጀምሩ ይሻላል። «አይመችም» ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ «ታዲያ የት ይሻለናል?» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማደሪያ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

እጅ መንሻ። ግማሽ ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር፣ ከመጨረሻው ከተማ የተገዛ። ስትገቡ ስጡ። ስትወጡ የተሰጠ ነገር ክፍያ ይመስላል፣ ያስቀይማል። ሥጋ አትውሰዱ፤ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ፣ ጾምና ፍስክ ያለበት አገር ነው። ገንዘብ ለባለቤቱ እጅ አይሰጥም። የግድ ካላችሁ «ለልጆቹ ደብተር» ብላችሁ ለእናትየው። መንገድ ላይ ለሚሮጡ ልጆች ግን ብርም ከረሜላም አትስጡ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ብስክሌተኛ ባዶ እጁን ሲያልፍ ድንጋይ ይከተለዋል። ልጅ ድንጋይ ካነሣ መሸሽ አይረዳም፤ ቁሙ፣ ውረዱ፣ ስሙን ጠይቁት፣ ደወሉን እንዲመታ ስጡት። አዋቂ በአቅራቢያ ካለ ሰላም በሉት፤ ልጁ ወዲያው ያፍራል።

ውስጥ። ጫማ በር ላይ ይቅር። ለእግር ማጠቢያ ውሃ ሲቀርብላችሁ በቡልቡላ በኩል ያ ጀሪካን በአህያ ከሩቅ እንደመጣ አስቡ፤ በአንድ ጣሳ ተጣጠቡ። የራሳችሁን ስንቅ አታውጡ። ማዕዱን ቅመሱ፤ «በቃኝ» አንዴ ቢባል አይሰማም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀስ ብላችሁ ብሉ። በረመዳን ከሆነ ቀን ላይ ሰው ፊት ሃይላንድ አንሥቶ መጠጣት ነውር ነው፤ ዞር ብላችሁ ጠጡ።

ጠዋት። ቡና ከተቆላ ተቀምጣችኋል ማለት ነው። አቦልን ጠጥቶ መነሣት ያስወቅሳል፤ ቶናና በረካ ሲጨመር ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። የጉዞ ስሌታችሁን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩት። ሦስተኛው ቀን አጭር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መመለሻ

ከሐዋሳ በአውቶቡስ ስትመለሱ ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ሳይጫን በፊት ጨርሱ። ፔዳሎቹን ፍቱ፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ፣ በሰዓት አቅጣጫ በማዞር ነው፤ ይህን ሳያውቅ የሚታገለው ሰው ብዙ ነው። መሪውን አላልታችሁ ከፍሬሙ ጋር አስተካክሉት፣ በካቴናው በኩል ያለው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ ከሌላው ዕቃ በኋላ የመጨረሻ ሆኖ ይጫን። በሲባጎ ሁለት ቦታ እሰሩት፤ ገመዱ ፍሬሙን ይያዝ እንጂ ቸርኬውን አይንካ።

አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ያሳደሯችሁን ሰዎች ደውላችሁ «በሰላም ገባን» በሏቸው፤ እስከዚያ ድረስ እያሰቡ ነው። ፎቶ አብራችሁ ከተነሣችሁ አሳጥቡትና በመስመሩ በሚሠራ ሚኒባስ ረዳት በኩል ላኩት፤ ፖስታው ላይ የቀበሌውንና የሊቀ መንበሩን ስም ከጻፋችሁ ይደርሳል።